የሞተር ፍሬን ግቢ ውስጥ ስትሠሩ፦ "ሁሉንም አደረግኩ፣ ግን አልይዝ አለኝ" ለምትሉኝ

ሰሞኑን ስልኬ ላይ የሚገባው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። "የፊት ፍሬኑን ፈታሁት፣ ሸራ ቀየርኩለት፣ ዘይት ሞላሁለት፣ ገጠምኩት፤ አሁን እጀታው እስከ መሪው ድረስ ይገባል፣ ምን ላድርገው?" አንዱ ከኮምቦልቻ ይጽፋል፣ አንዱ ከሐይቅ፣ አንዱ ደግሞ እዚሁ ደሴ ከእኔ ሁለት አጥር አልፎ እየኖረ በር ከማንኳኳት መልእክት ይልካል። አብሽሩ፣ ይስተካከላል። አንዴ ልጻፈውና ከእንግዲህ የጠየቀኝን ሁሉ ወደዚህ እልካለሁ።

የማወራው እኛ ጋ በብዛት ስለሚነዱት ከ100 እስከ 200 ሲሲ ሞተሮች ነው፤ ፊታቸው ዲስክ፣ ኋላቸው ታምቡር። ፊቱም ታምቡር ከሆነ የኋላውን ክፍል ለሁለቱም ተጠቀሙበት፤ ከዘይቱ ጣጣ ተገላገላችሁ።

ሳትጀምሩ አንድ ነገር፦ ነገ ጠዋት በዚያው ሞተር ሥራ የምትገቡ ከሆነ ዛሬ ማታ አትፍቱት። እሁድም አትጀምሩ። አንዲት የመዳብ ሮንዴላ ጎድላ፣ መለዋወጫ ቤቱ ተዘግቶ፣ ሞተሩ እንጨት ላይ ተሰቅሎ የሚያድረው ሁልጊዜ እሁድ ነው።

መጀመሪያ በሽታውን ለዩ

ብዙ ሰው የሚደክመው ያልታመመውን ሲያክም ነው። ምንም ሳትፈቱ እጀታውን ጨብጡና ምን እንደሚል ስሙት።

- እጀታው እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፣ ደጋግማችሁ ስትጨብጡት ግን ይጠነክራል፦ መስመሩ ውስጥ አየር አለ። በቀጥታ ደረጃ 8 ላይ ሂዱ።
- እጀታው ድንጋይ ነው፣ ሞተሩ ግን አይቆምም፦ ሸራው ወይ ዘይት ነክቶታል፣ ወይ ፊቱ እንደ መስታወት ለስልሷል፣ ወይ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ተጣብቋል።
- ጨብጣችሁ ስትቆዩ ቀስ እያለ ይወርዳል፦ ወይ የሆነ ቦታ ያፈሳል፣ ወይ የላይኛው ፖምፓ (መሪው ላይ ያለው፣ እጀታው የሚገፋው) ጎሚኒ አልቋል። ይሄ አየር በማውጣት አይድንም፤ ቀናችሁን አታቃጥሉ፣ ጎሚኒውን ቀይሩ።
- ፍሬኑን ለቃችሁም ጎማው በነፃ አይዞርም፦ ፒስተኑ አልመለስ ብሏል፣ ወይም ፖምፓው ውስጥ ያለችው መርፌ የምታክል የመመለሻ ቀዳዳ ተደፍናለች። ቀዳዳዋን ከአሮጌ የፍሬን ካቦ በተመዘዘ አንድ ቀጭን ክር ክፈቷት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት። ዓይነቱ መሪው ላይ ባለው የዘይት ማስቀመጫ ክዳን ላይ ተጽፏል፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4። ሩብ ሊትር ይበቃል፤ የመጀመሪያችሁ ከሆነ ግን ግማሽ ሊትር ያዙ፣ ታፈሱታላችሁ
- ለሞተራችሁ ሞዴል የሚሆን ሸራ፣ አሮጌውን ይዛችሁ ሄዳችሁ አስተያይታችሁ የገዛችሁት
- 8፣ 10፣ 12፣ 14 እና 17 ቁጥር ቁልፍ፣ ብሩጎላ፣ ፒንሳ፣ ጫፉ ያልተበላ ባለመስቀል ካቻቪቴ፣ መዶሻ
- ከፋርማሲ አዲስ የግሉኮስ ቱቦና የ50 ሲሲ መርፌ
- ባዶ ሃይላንድ
- የዘይት ቱቦውን የምትፈቱ ከሆነ 2 አዲስ የመዳብ ሮንዴላ
- 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት
- ሲሊኮን ግሪስ ለካሊፐሩ (ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩን ለሚጨብጠው)፣ ሙቀት የሚችል ግሪስ ለታምቡሩ
- አልኮል፣ ብዙ ንጹሕ ጨርቅ፣ አንድ ባልዲ ውሃ
- ጓንትና ማስክ

ተጠንቀቁ

የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። ታንከሩ ላይ ከተንጠባጠበ መጥረግ አይበቃውም፣ ወዲያው ውሃ ድፉበት። ከመጀመራችሁ በፊት ታንከሩን በእርጥብ ጨርቅ ብትሸፍኑት ደግሞ የተሻለ ነው።

የሸራ አቧራ በአፍም በአየር መንፊያም አይነፋም። አንዳንድ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፣ እሱ ደግሞ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉት፣ ጨርቁን ጣሉት።

የሞተር ዘይት፣ የመሪ ዘይት፣ ናፍጣ፣ ቤንዚን፦ አንዳቸውም የፍሬን መስመር ውስጥ አይገቡም። "ለጊዜው ነው" እያሉ የሞሉ ሰዎች ጎሚኒያቸው አብጦ ፍሬኑ ተነክሶ ቀርቷል። አንዴ ከገባ ጎሚኒዎቹን በሙሉ መቀየር ነው። ዶት 5 የሚባለውም ሲሊኮን ስለሆነ ከዶት 3 እና ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም፤ ዶት 5.1 ግን ከነሱ ወገን ነው። ስማቸው መመሳሰሉ ነው የሚያሳስተው።

የፊት ዲስክ ፍሬን

1. ሞተሩን በመሃል መቆሚያው አቁሙና የፊት ጎማው በነፃ እስኪዞር ድረስ ከሞተሩ ሥር እንጨት አስገቡ። ከዚያ ከሁለት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። ፎቶው ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ሸራዋን የምትጫነው ቀጭን ቆርቆሮ በየት በኩል እንደነበረች ከ2 ሰዓት በኋላ ማንም አያስታውስም፣ ተገልብጣ ከገባች ደግሞ ሸራው ይንቀጫቀጫል።

2. የዘይት ማስቀመጫውን ክዳን ከመክፈታችሁ በፊት ዙሪያውን እጠቡትና አድርቁት። አንዲት ፍሬ አሸዋ ፖምፓው ውስጥ ከገባች ጎሚኒውን ትቦጭቃለች። የክዳኑ ብሎኖች ለስላሳ ናቸው፣ ጭንቅላታቸው ቶሎ ይበላል። ስለዚህ ካቻቪቴውን አስቀምጡበት፣ ከላይ በመዶሻ ቀለል አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ምቱት፣ ከዚያ እየተጫናችሁ ፍቱ። ምቱ የተጣበቀውን ያላቅቀዋል።

3. ሸራውን የያዙትን ፒኖች ካሊፐሩ ገና በቦታው ሳለ ላሉ። መጀመሪያ ካሊፐሩን ካወረዳችሁት በአንድ እጅ ይዛችሁ በሌላው ልትፈቱ ነው፣ ያ ደግሞ አይሆንም። ከዚያ ካሊፐሩን አውርዱት፤ በዘይት ቱቦው ግን አታንጠልጥሉት፣ በሽቦ እሰሩት። ቱቦው ከውስጥ ቢሰነጠቅ ከውጭ አይታይም።

4. ሸራዎቹን እዩ። ከ2 ሚሊ በታች ከሆኑ ይቀየሩ። አንዱ አልቆ ሌላው ገና ከሆነ አዲስ ሸራ ብቻ አስገብታችሁ አትለፉት። ባለአንድ ፒስተን ካሊፐር አንዱን ሸራ ይገፋል፣ ሌላውን ወደ ጎን ተንሸራቶ ይስበዋል። መንሸራተቻ ፒኖቹ ከዛጉ መንሸራተት ይቀርና አንዱ ሸራ ብቻ ይሠራል። ፒኖቹን አውጡ፣ ዝገቱን አጽዱ፣ ሲሊኮን ግሪስ ቀቡ፣ በእጃችሁ ስትገፉት ወዲያ ወዲህ የሚል መሆን አለበት።

5. ፒስተኑ ከተጣበቀ በዚህች ደረጃ ላይ ቆም በሉ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቱቦውን እንዳትፈቱ! ፒስተኑን የሚያወጣላችሁ የራሱ የፍሬኑ ግፊት ነው። እጀታውን ቀስ እያላችሁ ጨብጡ፣ ፒስተኑ እየወጣ ይመጣል፣ የማስቀመጫው ዘይት እንዳያልቅ እየሞላችሁ። መጀመሪያ ቱቦውን ከፈታችሁት ግን ፒስተኑን በፒንሳ ልትጎትቱ ነው፤ በፒንሳ የተጎተተ ፒስተን ይቧጨራል፣ የተቧጨረ ፒስተን ያፈሳል። በኮምፕረሰር ለማስወጣት የሚሞክሩም አሉ፤ እንደ ጥይት ወጥቶ ጣት ይሰብራል።

6. ፒስተኑ ከወጣ በኋላ ጎሚኒዎቹን አውጡና የሚቀመጡበትን ቦይ አጽዱ። እንደ ጨው ያለ ነጭ ነገር ታገኛላችሁ። ጎሚኒውን ከኋላ ገፍቶ ፒስተኑን የሚያስነክሰው እሱ ነው፤ ጎሚኒ ቀይረው ቦዩን ሳያጸዱ የገጠሙ ሰዎች በሳምንቱ ተመልሰው የሚመጡት ለዚህ ነው። በሚስማር አትፋቁ፣ የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ይበቃል። አዲሱን ጎሚኒና ፒስተኑን በአዲስ የፍሬን ዘይት አርጥባችሁ በእጅ ግፊት ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ። በመዶሻ ካላችሁ ጠምሟል ማለት ነው፣ አውጡና እንደገና።

7. ዲስኩን በአልኮል ጠርጉ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ከዚያ ብቻ አዲሱን ሸራ ንኩ። ዲስኩ ላይ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረት በሚሊ ተቀርጿል፤ ከዚያ ከሳሳ ሸራ መቀየር ዋጋ የለውም። ግጠሙት፣ የካሊፐሩን ብሎኖች በደንብ አጥብቁ። ቱቦውን ፈትታችሁ ከነበረ አዲስ የመዳብ ሮንዴላ፣ አንድ ከላይ አንድ ከታች። አሮጌው መዳብ ተጨፍልቆ ቅርጽ ስለያዘ ሁለተኛ አይዘጋም። የመጨረሻው ነገር፣ እጀታው እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ጨብጡ። ፒስተኑ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ስለነበር የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጭበጣዎች ባዶ ናቸው፤ ይሄን ረስቶ ከበር ወጥቶ አጥር ውስጥ የገባ ሰው አውቃለሁ።

አየር ማውጣት፦ የሚያስለቅሰው ክፍል

8. መሪውን ወደ አንድ ጎን አዙራችሁ ማስቀመጫውን አግድም አድርጉት፣ ዘይት ሙሉበት። አሁን ካሊፐሩን እዩ፦ መተንፈሻዋ ብሎን (አየር የሚወጣባት) ከካሊፐሩ ከፍ ያለው ቦታ ላይ መሆን አለባት። አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው። እኔ አንድ ጊዜ ካሊፐሩን በሽቦ አንጠልጥዬ፣ መተንፈሻዋ ወደ ታች ዞራ፣ ሦስት ማታ ሙሉ ሁለት ዕቃ ዘይት ጨርሻለሁ። እጀታው ያው ስፖንጅ። አራተኛው ቀን ካሊፐሩን ቀና ሳደርገው 10 ደቂቃ አልፈጀም።

9. 8 ቁጥር ቁልፍ መተንፈሻዋ ላይ አስገቡ፣ ከዚያ የግሉኮስ ቱቦውን ሰኩባት። የቱቦውን ሌላ ጫፍ ትንሽ ዘይት ባለው ሃይላንድ ውስጥ አጥልቁት። ጫፉ ካልጠለቀ አየር ተመልሶ ይሳባል፣ ስትሠሩ ውላችሁ ባላችሁበት ትቀራላችሁ።

10. ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፣ አታዛንፉት፦ እጀታውን ጨብጡና ያዙ፣ መተንፈሻዋን ሩብ ዙር ክፈቱ፣ ዘይትና አየር ሲወጣ እጀታው ይወርዳል፣ ሳትለቁ መተንፈሻዋን ዝጉ፣ አሁን እጀታውን ልቀቁ። ሳትዘጉ ከለቀቃችሁ የወጣው አየር ሁሉ ይመለሳል። ሁለት ሰው ቢሆን ይቀላል፤ አንዱ "ያዝኩ" ይላል፣ አንዱ ከፍቶ ዘግቶ "ልቀቅ" ይላል። ልጅ ወይም ታናሽ ወንድም ካለ ይሄ ሥራ የሱ ነው። ፖምፓው አሮጌ ከሆነ ደግሞ እጀታውን እስከ ጥግ አትጨብጡ፤ ጥጉ ጎሚኒው ሄዶበት የማያውቅ የቆሸሸ ቦታ ነው፣ ይቀደዳል። ከመሪው ጋር ትንሽ እንጨት እሰሩና እጀታው እዚያ ይቁም።

11. በየ5 ጭበጣው ማስቀመጫውን እዩ። ዘይቱ ካለቀና ፖምፓው አየር ከሳበ ከዜሮ ነው። ቱቦው ውስጥ አረፋ የሌለው ንጹሕ ዘይት እስኪያልፍ ቀጥሉ።

12. አሁንም ከለሰለሰ? በዚሁ ቅደም ተከተል ሞክሩ።

ሀ. ካሊፐሩንና የዘይት ቱቦውን በካቻቪቴ እጀታ ቀለል አድርጋችሁ ምቱ። ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ጥቃቅን አረፋዎች ይለቃሉ።

ለ. ከታች ወደ ላይ ግፉት። ማስቀመጫውን ግማሽ ድረስ አጉድሉ፣ መርፌውን በአዲስ ዘይት ሙሉ፣ አየሩን ከመርፌው አስወጡ፣ ቱቦውን መተንፈሻዋ ላይ ሰክታችሁ ክፈቱና ቀስ ብላችሁ ግፉ። አየሩ መሄድ በሚፈልገው አቅጣጫ ስለምትገፉት ብዙ ጊዜ ይሄ ይጨርሰዋል። ከላይ ሞልቶ እንዳይፈስ አንድ ሰው ይመልከት።

ሐ. የዘይት ቱቦው ከፖምፓው ጋር የሚገናኝበትን ትልቁን ብሎን በጨርቅ ሸፍኑ፣ እጀታውን ጨብጡ፣ ትንሽ ላሉና ወዲያው አጥብቁ። መስመሩ ውስጥ ከፍተኛው ቦታ እሱ ስለሆነ አየር እዚያ ይደበቃል። ጭስስ ሲል ትሰሙታላችሁ።

መ. እጀታውን ጨብጣችሁ በላስቲክ ከመሪው ጋር እሰሩትና አሳድሩት። ጠዋት ስትፈቱት የቀሩት አረፋዎች ወደ ላይ ወጥተው ታገኛላችሁ፤ እኔ እንኳን ለምን እንዲህ እንደሚረዳ እስኪገባኝ አላምንበትም ነበር። እጀታው ሲያዝ መመለሻዋ ቀዳዳ ትዘጋለች፣ አረፋው በግፊት ያንሳል፣ ከግድግዳው ይለቅና ይወጣል፣ ስትለቁት ወደ ማስቀመጫው ያመልጣል።

13. ሲያልቅ እጀታውን ባላችሁ ኃይል ጨብጣችሁ ለ1 ደቂቃ ያዙ። በነጭ ጨርቅ ወይም በሶፍት እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ንኩ። እርጥበት ካለ አልጨረሳችሁም። ከዚያ ክዳኑን ዝጉ፣ በውሃ እጠቡ።

የኋላ ታምቡር

ይሄ ይቀላል፣ ዘይት የለውም። የሚያስቸግረው ሞላዋ ብቻ ነች።

14. የፍሬኑ ክንድ ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበት ላይ በሚስማር ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ማስተካከያ ዳዶውን ፈትታችሁ ጎማውን አውጡ። ክንዱ አንድ ጥርስ ተዛንፎ ከተመለሰ በኋላ ምንም ብታስተካክሉ ፔዳሉ ልክ አይመጣም።

15. ታምቡሩንና ሸራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉ። ሸራው 2 ሚሊ ካልሞላ ቀይሩት። ታምቡሩ ውስጥ ግሪስ ካያችሁ የኩሽኔታው ጎሚኒ ነው ያፈሰሰው፤ እሱን ሳትቀይሩ አዲስ ሸራ ማስገባት ሸራ መጣል ነው። ግሪስ የጠጣ ሸራ በቤንዚን አጥቦ፣ በእሳት አቃጥሎ መመለስ የሚወድ አለ። ሲቀዘቅዝ ይይዛል፣ ሲሞቅ የጠጣውን ይተፋል። ጣሉት።

16. ፊቱ እንደ መስታወት ያበራ ሸራ ግን በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀለል ተደርጎ ቢታሽ ይመለሳል። የታምቡሩንም ውስጥ እሹት። ሸራውን የሚከፍተውን ዘንግ አውጥታችሁ አጽዱና ግሪስ እንደ ቅባት ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ከበዛ ይቀልጥና ሸራው ላይ ይሄዳል።

17. ሞላዎቹን በፒንሳ ስትጎትቱ ጣታችሁን አትጉዱ። ሁለቱን ሸራ ውጭ ላይ በሞላዎቹ አያይዟቸው፣ እንደ መጽሐፍ አጠፍ አድርጋችሁ ቦታቸው ላይ አስቀምጡ፣ ከዚያ ወደ ታች ተጫኗቸው። ራሳቸው ገጭ ብለው ይገባሉ።

18. ጎማውን መልሱ። የፍሬኑን ሳህን ከሻሲው ጋር የሚያስረው ዘንግ ዳዶና ኮፒሊያ መግባታቸውን ሁለት ጊዜ እዩ። ይሄ ዘንግ ከተፈታ ፍሬን ስትይዙ ሳህኑ አብሮ ይዞርና ጎማው ይቆለፋል። ዋናውን የጎማ ዳዶ ስታጠብቁ ፔዳሉን አንድ ሰው ተጭኖ ይያዝ፤ ሸራው ታምቡሩ መሃል ላይ ይቀመጥላችኋል። የሰንሰለቱን ልቀትም እዩ፣ ጎማው ተንቀሳቅሷልና።

19. ፔዳሉ ከ20 እስከ 30 ሚሊ በነፃ ወርዶ መያዝ እስኪጀምር ዳዶውን አስተካክሉ። ጎማውን በእጅ አሽከርክሩ፤ ከተቧጨረ ትንሽ ላሉ። ፔዳሉ ሲረገጥ የኋላ መብራቱ መብራቱን ማየትም አትርሱ።

በየጊዜው የማያቸው ስህተቶች

- ሸራ ሲቀየር ፒስተኑን ወደ ውስጥ ገፍቶ ማስቀመጫው ሞልቶ ታንከር ላይ መፍሰስ። ከመግፋታችሁ በፊት በመርፌ ትንሽ ቅዱ።
- ግማሽ ሆኖ ዓመት የተቀመጠ ዘይት መጠቀም። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ ውሃ ይጠጣል። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ ከጠጣ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። መስመሩ ውስጥ ያለውንም በየ2 ዓመቱ ቀይሩት።
- ዲስክ እንዳይዝግ ብሎ ዘይት መቀባት። አዎ፣ አይቻለሁ።
- ፍሬኑ ሲንጫጫ ሸራው ላይ ግሪስ ማድረግ። ግሪስ ለሸራው ጀርባና ለመንሸራተቻ ፒኖቹ ብቻ ነው፣ እሱም በጣም ስስ።
- መተንፈሻዋን በኃይል ማጥበቅ። ባዶ ቱቦ ስለሆነች ትሰበራለች፣ ከዚያ ካሊፐር ግዢ ነው።

መሞከሪያ

20. መጀመሪያ ግቢ ውስጥ እየገፋችሁ ያዙት። ቀጥሎ ሜዳ መንገድ ላይ፣ ሰው በሌለበት። አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ሙሉ አይይዝም፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ ወደ 10 እስኪወርድ ለስለስ አድርጋችሁ ያዙ፣ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ያህል፣ በመሃሉ እየነዳችሁ አቀዝቅዙት። እስከ ጥግ ጨብጣችሁ ቆማችሁ አትቆዩ፣ ሸራው ዲስኩ ላይ አሻራ ይተዋል።

21. በዚያው ቀን የሐረጎን ቁልቁለት እንዳትወርዱ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ትወርዳላችሁ፣ ያልተላመደ ሸራና በደንብ ያልተፈተሸ መስመር እዚያ ነው የሚያጋልጠው። ሳምንት ከነዳችሁት በኋላ ስትወርዱም በ2 ወይም በ3 ማርሽ ውረዱ፣ ፍሬኑን ለቀቅ ያዝ አድርጉ። ያለማቋረጥ ከያዛችሁት ዘይቱ ይፈላል፣ የፈላ ዘይት እንፋሎት ነው፣ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፤ ጥርት ብሎ የተሠራው ፍሬን በመሃል ስፖንጅ ይሆንባችኋል። ከሆነባችሁ በማርሽ አዝግማችሁ ዳር ያዙ፣ ግማሽ ሰዓት አቀዝቅዙት።

22. ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ የካሊፐሩን ብሎኖች፣ የኋላውን ዘንግና የፔዳሉን ልቀት እንደገና እዩ። አዲስ ሸራ ትንሽ ስለሚቀመጥ የኋላው ማስተካከያ ዳዶ አንድ ሁለት ዙር ይፈልጋል።